ባለቤቴ የቤታችንን ገንዘብ ለባለ አልጋ መኪና ቀብድ ሰጠው

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዓምዳችሁን ማንበብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ አንድ ቀን ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው። 36 ዓመቴ ነው፤ ነርስ ነኝ። ባለቤቴ 43 ሆኖታል። ከተጋባን 13 ዓመታችን ነው። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች አንዲት ልጅ አለችን።

ባለቤቴ የቱሪስት ሹፌር ነበር። ላንድክሩዘር ይዞ ከስሜን ተራሮች አክሱም፣ ከአክሱም ላሊበላ ሲል ነው የኖረው። በ2012 ኮሮና መጣ። ከዚያ ጦርነቱ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ። የሚሠራበት ድርጅት መኪኖቹን ሸጦ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ አንዳንዴ የሰው ባጃጅ ይነዳል፣ አንዳንዴ ዕቃ ያመላልሳል። አብዛኛውን የቤት ወጪ የምሸፍነው እኔ ነኝ። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ተናግሬው አላውቅም። እሱ ግን ሆዱ ውስጥ ይዞታል። ድሮ ከመንገድ ሲመለስ ወሬው አያልቅም ነበር። አሁን እራቱን በልቶ ቴሌቪዥን ላይ ያፈጣል፤ ምን እያየህ ነው ብለው እንኳ አያውቀውም።

ሰኔ ላይ አዘዞ አንድ ግቢ ውስጥ የቆመ መኪና አየ። ፈረንጆች እያደሩበት አገር የሚዞሩበት ዓይነት ነው። አልጋ፣ ምድጃ፣ ትንሽ የዕቃ ማጠቢያ አለው። አሮጌ መርሴዲስ ሲሆን ላዩ ላይ 307 ዲ ይላል። ባለቤቱ ከሱዳን በመተማ በኩል ነድቶት መጥቶ እዚህ ተበላሸበት። እመለሳለሁ ብሎ ለግቢው ባለቤት አደራ ሰጥቶ ወደ አገሩ ሄደ። ይኸው ስንት ዓመቱ፣ አልተመለሰም። የግቢው ሰውዬ አሁን በ400 ሺህ ብር እሸጠዋለሁ ይላል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤቴ ሌላ ሰው ሆነ። በልጃችን ደብተር ላይ ሥዕል ይሥላል። አልጋው እዚህ፣ ሶላሩ እዚያ ይላል። አገር ሲረጋጋ ለቱሪስት ያከራየዋል፤ እስከዚያ ጎርጎራና ደባርቅ ይዞን ይሄዳል። ልጃችን የመጋረጃውን ቀለም ሳይቀር መርጣለች። እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ዓመታት አልፈዋል፤ ከሳቁ ጋር ምን ጠብ አለኝ?

ግን ያለን ገንዘብ 620 ሺህ ብር ነው። ከዕቁብና ከእኔ የሌሊት ተረኛ ክፍያ የተጠራቀመ ነው። ያጠራቀምነው ለማኅበር ቤታችን ሲሆን የሚቀጥለው ክፍያ ጥር ላይ ነው፤ 350 ሺህ። ባለፈው ሳምንት ልብሱን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ የቀብድ ወረቀት አገኘሁ። 30 ሺህ ብር ከፍሏል። ለእኔ አልነገረኝም። ወረቀቱን መልሼ ኪሱ ውስጥ ከተትኩት። ይኸው አምስት ቀኔ፣ ምንም አላልኩትም።

ብከለክለው ያን የመጣውን ሳቅ የማጠፋው እኔ እሆናለሁ። ዝም ብለው ቤታችን ይሄዳል። ታላቅ ወንድሙ አለ፤ ጋሼ ነው የምንለው፤ ስንጋባ ሽማግሌ ሆኖ የመጣው እሱ ነው። ለእሱ ልንገረው? ምን ትሉኛላችሁ?

ግራ የገባኝ፣ ከማራኪ

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

አምስት ቀን ዝም ማለትሽ አያስወቅስሽም። የዚያኑ ዕለት በንዴት ብትናገሪ ኖሮ ዛሬ የምትከራከሩት ስለ ጩኸቱ ይሆን ነበር። ወረቀቱን መልሰሽ ኪሱ ውስጥ መክተትሽን ሳነብ ግን ቆም አልኩ። እስከዚያ ድረስ የሚደብቀው እሱ ብቻ ነበር። አሁን ሁለታችሁም አንድ ወረቀት እየተደባበቃችሁ ነው። ስለዚህ ዝምታው በቃው። በሚቀጥሉት ቀናት፣ የሌሊት ተረኛ በማትሆኚበትና ልጅቷ በተኛችበት ሰዓት፣ መነጋገር አለባችሁ።

ስለምን እንደምትነጋገሩ ከማንሳቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ወረቀት ስታገኚ ምኑ ነው የቆረጠሽ? 30 ሺህ ብሩ ነው ወይስ ሳይነግርሽ መክፈሉ? ብሩን እንዴት እንዳጠራቀምሽው አውቃለሁ፤ ሌሊት ተነስቶ የሰው ደም ግፊት እየለኩ የተገኘ ብር ነው። ቢሆንም ደብዳቤሽን ሳየው የከበደሽ ሁለተኛው ይመስለኛል። እንደዚያ ከሆነ ስለ መኪናው ከመከራከራችሁ በፊት ይሄ ለብቻው መነሳት አለበት። አለበለዚያ እሱ ስለ ሞተር ያወራል፣ አንቺ ስለ ጎማ ትመልሻለሽ፣ ቁስሉ እዚያው ይቀራል።

ሌላም ልጠይቅሽ፤ እንዳትቀየሚኝ። ቀብዱን ከመክፈሉ በፊት ቢጠይቅሽ ምን ትይው ነበር? ሥዕሉን ሲሥል አጠገቡ ቁጭ ብለሽ አይተሽለት ታውቂያለሽ? ይህን የምለው ጥፋቱን ላንቺ ላካፍል ብዬ አይደለም። ጥፋቱ የእሱ ነው። ግን ለዓመታት የቤቱን ወጪ ሚስቱ ስትሸፍን ያየ ሰው፣ ከመጠየቁ በፊት መልሱን ራሱ ለራሱ ይነግረዋል። «ምን ይዤ ነው የምጠይቃት?» ይላል። አንቺ እንዳልሽው አንድም ቀን አልተናገርሽውም፤ ጨዋነትሽ ነው። ዝም የተባለ ነገር ግን እሱ ጆሮ ውስጥ ምን ብሎ እንደሚጮህ አታውቂም።

አነጋገሩን በሚመለከት፣ በወረቀቱ ጀምሪ። «ልብስህን ላጥብ ስል ይሄን አገኘሁ። አምስት ቀን ዝም አልኩ፤ ምን እንደምል ስለጠፋኝ ነው። ገንዘቡ የሁለታችን ነው፤ ሳትነግረኝ መክፈልህ ከፍቶኛል» በይው። ከዚያ መልሱን ስሚ። እስኪጨርስ አታቋርጪው። ከዚያ በኋላ ነው ሁለተኛው ወሬ፦ «ደግሞ እንዲህ ስትስቅ ካየሁህ ቆይቻለሁ፤ እንዲጠፋብኝ አልፈልግም።» ሁለቱም እውነት ነው፣ ሁለቱም ይነገር። ያንኑ ምሽት ግን ግዛ አትግዛ የሚለው ውስጥ አትግቡ። እሱ ለሌላ ቀን ይደር።

አሁን ወደ መኪናው ልምጣ። እዚህ ላይ አልለሳለስም። አዘዞ ያለውን መኪና፣ እንዳለ ከሆነ፣ አትግዙት።

ምክንያቴ እርጅናው አይደለም። ዛሬ አሮጌ ቪትዝ ከሚሊዮን ብር በላይ በሚጠራበት አገር፣ አልጋና ምድጃ ያለው መርሴዲስ 400 ሺህ ብር የሚባለው ለምንድን ነው? ርካሽ የሆነው ወረቀት ስለሌለው ነው። አንድ የውጭ አገር ሰው መኪናውን እየነዳ በመተማ ሲገባ፣ መኪናው የሚገባው በጊዜያዊ ፈቃድ ነው። ቀረጥ አልተከፈለበትም። ቀኑ ሲደርስ ወይ ከአገር መውጣት አለበት፣ ወይ ቀረጡ መከፈል አለበት። ሁለቱም ካልሆነ በጉምሩክ ዓይን ሕገ ወጥ ዕቃ ነው፤ ሊወረስም ይችላል። የኢትዮጵያ ሊብሬ የለውም፣ ታርጋው የሰው አገር ነው፣ ቦሎ አይወጣለትም፣ መድን አይገባለትም። ባለቤትሽ እጁን አሳምሮ ቢጠግነው እንኳ ከግቢው በር ወጥቶ አንድ ትራፊክ ፖሊስ ፊት መቆም አይችልም። ሞተር ጋራዥ ገብቶ ይጠገናል። ለሌለ ሊብሬ ግን ጋራዥ የለውም።

ሁለተኛ፣ የግቢው ሰውዬ የሚሸጠው የራሱን ንብረት አይደለም። አንቺው ራስሽ «አደራ» ብለሽ ጽፈሻል። ባለ መኪናው ይኑር ይሙት፣ ይመለስ አይመለስ የሚታወቅ ነገር የለም። ነገ እሱ ወይም ልጁ ወረቀቱን ይዞ ቢመጣ ምን ትመልሳላችሁ?

ይህን ባለቤትሽ አያውቅም ማለቴ አይደለም። ስንት ዓመት የድርጅት መኪና የያዘ ሹፌር ስለ ሊብሬ ከእኔ በላይ ያውቃል። ግን ሰው ነገሩን ሲወደው የሚያውቀውንም ይረሳል። ስለዚህ አንቺ ፈራጅ ሆነሽ «ሕገ ወጥ ነው» ከምትይው፣ ራሱ ሄዶ ያጣራ። የሻንሲ ቁጥሩን ይጻፍና ጉምሩክ ቅርንጫፍ ሄዶ ይጠይቅ፦ ይህ መኪና በምን ሁኔታ ገባ? ቀረጡ ስንት ይመጣል? አብረሽው ብትሄጂ ደግሞ ይሻላል። በሕጋዊ መንገድ ሊሆን የሚችለው አንድ አካሄድ ብቻ ይታየኛል፤ ባለ መኪናው ተገኝቶ በአገሩ ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል የተረጋገጠ ውክልና ሲልክና ቀረጡ ሲከፈል ነው። እሱም ቢሆን በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ነው፤ ታክሱ ከመኪናው ዋጋ በልጦ ቢመጣ አትደነቂ። በዚያ ላይ ከ2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከልክለዋል። ይህኛው መኪና በየትኛው እንደሚታይ የሚነግራችሁ ጉምሩክ ነው፤ ደላላ አይደለም።

ስለ 30 ሺህ ብሩ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ሲተው ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ሰው ከተወ ደግሞ አጥፎ ይመልሳል። ስለዚህ ባለቤትሽ «ትቼዋለሁ» ብሎ እንዲሁ ቢሄድ ብሩ ቀረ ማለት ነው። ነገር ግን ሻጩ የራሱ ያልሆነውን ነው የሸጠው። ያ ክርክሩን ይለውጠዋል። ስለዚህ «ተውኩት» ከማለቱ በፊት «ሊብሬውንና የባለቤትነት ማስረጃውን አምጣ» ይበለው፤ ቢቻል በጽሑፍ፣ ካልሆነም ምስክር ባለበት። ማቅረብ ካልቻለ ያፈረሰው እሱ ነው። ከዚያ በፊት ወረቀቱን ይዛችሁ አንድ ጠበቃ አማክሩ፤ የምክር ክፍያው ከ30 ሺህ አይበልጥም። ሰውዬው ግን የሰፈር ሰው ስለሆነ በሰላም የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው። እሱም ቢሆን የአደራ ዕቃ ሸጠ ተብሎ አዘዞ ላይ ስሙ እንዲነሳ አይፈልግም።

ይሄ ሁሉ «ምኞቱ ይቅር» ማለት አይደለም። መኪናውን ከምኞቱ መለየት ይቻላል። ስለዚህ ወረቀቱ የተሟላ ሌላ መኪና ቢገኝ እንዴት ይታያል የሚለውን ልንገርሽ፤ ምክንያቱም ባለቤትሽ በዚህ በኩል የሚያውቀውና የማያውቀው አለ።

መንዳት ያውቃል። ሞተር ሰምቶ ይለያል። ባለ አልጋ መኪና ግን ሞተር ብቻ አይደለም፤ ቤትም ነው። ቤትን የሚገድለው ደግሞ ውሃ ነው። እንዲህ ያሉ መኪናዎች ጣሪያቸው ላይ የአየር ማስገቢያ፣ ጎናቸው ላይ መስኮት ይቀደዳል። በዓመታት ፀሐይ ማሸጊያው ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ይገባል፣ ከውስጥ ያለው ኮምፖልሳቶ ይበሰብሳል። ከውጭ ምንም አይታይም። ስለዚህ መኪና ለማየት ስትሄዱ በክረምት፣ ዝናብ ሲጥል ሂዱ። የጎንደር ሐምሌና ነሐሴ ለዚህ የሚያህለው የለም። በመስኮቶቹ ዙሪያና በጣሪያው ማዕዘን በአውራ ጣታችሁ ጫን ጫን አድርጉ። ከለሰለሰ ውስጡ አልቋል። ምንጣፉን ገልጣችሁ እዩ። አዲስ ቀለም የተቀባ ወይም አዲስ ፕላስቲክ የተለጠፈበት ግድግዳ ካያችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። አንቺ ደግሞ አብረሽ ግቢና በአፍንጫሽ ሥሪ። ነርስ ሽታ አይጠፋውም፤ ሻጋታ የሚሸት መኪና ውስጥ ልጅሽን አታስተኚም።

ለዓመታት የቆመ መኪና የራሱ በሽታ አለው። ፍሬኑ ይነክሳል፣ ናፍጣው ታንከር ውስጥ ይዘቅጣል፣ አይጥ ሽቦ ይበላል። ጎማው ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ታይቶ ሊያታልል ይችላል። ጎማው ጎን ላይ አራት አኃዝ ያለው ቁጥር አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ዓመቱን ይናገራሉ። 2314 ካለ በፈረንጆች 2014፣ 23ኛው ሳምንት ላይ ተሠርቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጎማ ሊማሊሞ ላይ አይታመንም። ዝገቱን ደግሞ ከበሩ ሥር ሳይሆን መኪናው ሥር ተኝታችሁ ሻንሲው ላይ ፈልጉት። የላሜራ ዝገት በገንዘብ ይድናል፤ የሻንሲ ዝገት ሲሆን ተዉት።

ጉልበቱንም አስቡት። ያ 307 የሚለው ቁጥር ትርጉም አለው፤ የመጀመሪያው 3 ከነጭነቱ 3 ቶን ተኩል ገደማ የሚደርሰውን ክብደቱን፣ የቀረው ደግሞ 70 ገደማ የፈረስ ጉልበቱን ይናገራል። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር በየ1 ሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ። ጎንደር ራሷ ከ2 ሺህ 100 ሜትር በላይ ናት። ደባርቅ ወደ 2 ሺህ 800፣ ስሜን ተራሮች ውስጥ ያለው ጨነቅ ደግሞ 3 ሺህ 600 ይጠጋል። እዚያ ሲደርስ ከ70ው ፈረስ 50 ያህሉ ቢቀር ነው። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ምድጃ፣ ሦስት ሰው፣ 100 ሊትር ውሃ ስትጭኑበት፣ ውሃው ብቻ 100 ኪሎ ነው፣ ባለቤትሽ ከኮሶዬ በላይ ያለውን መንገድ በሁለተኛ ማርሽ ይወጣዋል። ላንድክሩዘር ለለመደ እግር ይሄ ትዕግሥት ይጠይቃል። መለዋወጫውም ሌላ ጣጣ ነው። የቶዮታ ዕቃ በየትኛውም ከተማ አይጠፋም። የዚያ ዘመን መርሴዲስ ዕቃ ሲጠፋ ግን የሚጠብቀው መኪናው ብቻ ሳይሆን የእናንተም ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ወደ መኪና ከተሄደ፣ እኔ ብሆን የአገር ታርጋና ንጹሕ ሊብሬ ያለው አሮጌ ሃይሩፍ ሚኒባስ ነው የምፈልገው። ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ዛሬ የላችሁም፤ እውነቱን እንነጋገር። ከጓደኛ ጋር በጋራ ይሆናል፣ ወይ የማኅበር ቤቱ ክፍያ ካለቀ በኋላ ይሆናል። ግን ምኞቱ መኪና እስኪገዛ ቆሞ መጠበቅ የለበትም። ከሥዕሉ ውስጥ ተነስቶ የሚገባና የሚወጣ አልጋ ይሥራ። ከቺፑድ ሳይሆን ከቀላል እንጨትና ከብረት ቱቦ፣ ወንበሩ ሲወጣ በምትኩ የሚገባ፤ ሥሩ ዕቃ ማስቀመጫ፣ ላዩ ስፖንጅ ፍራሽ። ይህ የማንም ሚኒባስ ላይ ይገጠማል፣ የማንንም ላሜራ አይቆርጥም። መኪና ቆርጦ አካሉን መለወጥ ግን መንገድ ትራንስፖርትን ሳይጠይቁ አይደረግም፤ በዓመታዊ ምርመራ ላይ ጣጣ ያመጣል።

መብራቱም ቀላል ነው። ለቤቱ የሚሆን ሁለተኛ ባትሪ ይኑር፤ የሞተሩን ባትሪ ካካፈሉት ጠዋት መኪናው አይነሳም። ጣሪያ ላይ አንድ 100 ዋት ሶላር፣ ጥቂት ኤልኢዲ አምፖል፣ ስልክ መሙያ። ለሦስት ሰው ይበቃል። ባለቤትሽ ሽቦውን ሲዘረጋ ፊውዝ እንዳይረሳ። ሶላሩን መኪና ሳይገዛ ቤታችሁ ጣሪያ ላይ አድርጎ ሊሞክረው ይችላል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ አንቺም ትመርቂዋለሽ።

አንድ ነገር ላይ ግን እለምንሻለሁ። ከሰል ውስጥ አይገባም። ለቡናም ቢሆን። ደባርቅ ማታ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሰው በሩን ዘግቶ ትንሽ ፍም ቢያስገባ ደስ ይለዋል። የከሰል ጭስ መርዙ አይታይም፣ አይሸትም፤ በእንዲህ ያለ ጠባብ ቦታ ቤተሰብ ያነጥፋል። ይህን ለነርስ መንገር ነውር ቢሆንም ለባለቤትሽ ስትነግሪው በአንቺ አፍ ይሰማል። የጋዝ ምድጃም ከሆነ ሲሊንደሩ ከአልጋው ተለይቶ ይቀመጥ። ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወደ ታች ይተኛል፤ ስለዚህ መተንፈሻ ቀዳዳው ከወለሉ ላይ መሆን አለበት። ለእኔ ግን ምግቡም ቡናውም በራፍ ላይ፣ ከውጭ ቢሠራ ይሻላል።

ከዚያ ሞክሩት። መንገዱ ሰላም መሆኑን ያን ሰሞን ከሄዱ ሹፌሮች ጠይቁ፤ ይህን ከባለቤትሽ በላይ የሚያጣራ የለም። ሰላም ሲሆን የጓደኛ ሚኒባስ በኪራይ ወይም በውለታ ያዙና አንድ ሌሊት ጎርጎራ እደሩ። ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጣና ዳር፣ ከደባርቅ ይልቅ ሞቃት። የወባ አገር ስለሆነ አጎበር ያዙ። መንገዱ ካልተመቸ እዚያው ከተማ ውስጥ የዘመድ ግቢ እደሩ፤ ልጅሽ ልዩነቱን ከቁብ አትቆጥረውም። በአንድ ሌሊት ብዙ ይታወቃል። ሦስት ሰው በዚያ ስፋት እንዴት ይገላበጣል? ሽንት ቤት የት ነው? አንቺ ትወጂዋለሽ ወይስ ለእሱ ብለሽ ነው የምትችዪው? ይህን ሳያውቁ 400 ሺህ ብር ማውጣት ያስፈራኛል።

ስለ ኪራዩም ጠይቂው፤ በመጠራጠር ሳይሆን እንደ ሥራ ባልደረባ። ዛሬ ደንበኛው ማነው? የውጭ ቱሪስት እንደ ድሮው ስሜን ተራሮች እስኪጎርፍ መቼ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ሰውን ጭኖ ገንዘብ ለመቀበል ደግሞ የግል ታርጋ አይበቃም፤ የንግድ ታርጋ፣ ፈቃድና መድን ይፈልጋል። በሌላ በኩል ጥምቀት ሲደርስ ጎንደር አልጋ እንደሚጠፋ ታውቃላችሁ። ከአዲስ አበባ በመኪናቸው የሚመጡ ቤተሰቦች አሉ፤ ያን ተነቃይ አልጋና ፍራሽ ለበዓሉ ሰሞን ቢያከራያቸውስ? ሐሳቡን በዚህ መጠን ቢጀምረው፣ ቢከስርም የሚከስረው እንጨትና ስፖንጅ ነው።

ገንዘቡን እንዲህ ብታደርጉት እላለሁ። የጥር ወሩ ክፍያ 350 ሺህ ነገ ጠዋት ሌላ ሒሳብ ውስጥ ይግባ፤ ያለ ሁለታችሁ ፊርማ የማይወጣ። ከቀረው ላይ፣ ቀብዱ ተመለሰም አልተመለሰም፣ ለቤቱ ክፉ ቀን የሚሆን ያዙ። ለእሱ ሐሳብ ደግሞ ተስማምታችሁ የተወሰነ ብር ስጡት። ሃምሳም ይሁን ስልሳ ሺህ። በዚያ ብር ላይ አትቆጣጠሪው፣ ደረሰኝ አትጠይቂው። ወንድ ልጅ ሚስቱን የምስማር መግዣ እየጠየቀ ተስፋው አይለመልምም። ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ሁለታችሁ ካልተስማማችሁ አይወጣም። አንድ ቀን መኪና ሲገዛም ይኸው ሕግ ይሥራ፤ ለመግዣ የያዛችሁትን ሁሉ ለመግዣ አታውሉት። የአሮጌ መኪና ጥገና ሁሌም ከታሰበው ይበልጣል፤ ላሜራውን ሲገልጡት ሌላ ላሜራ ይጠይቃል።

ስለ ቴሌቪዥኑ የጻፍሽው ከአእምሮዬ አልወጣም። መኪናው እንደማይሆን ሲያውቅ ጥቂት ቀን ሊከፋው ይችላል፤ ያ ጤነኛ ነው። እንቅልፉ ከጠፋ፣ መብላት ከተወ፣ ሥዕሉንም ጭራሽ ከጣለው ግን አንቺ ምልክቱን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። የምታውቂው ሐኪም ጋ በወዳጅ ደንብ ውሰጂው። ሌላው ደግሞ የድሮ የሥራ ጓደኞቹ የት ናቸው? እንደ እሱ መንገድ የተዘጋባቸው ሹፌሮች ጎንደር ውስጥ ብዙ ናቸው። አልጋውን ከአንዱ ጋር ሆኖ ቢሠራው፣ ከአልጋው ይልቅ አብሮ መዋሉ ይጠቅመው ይሆናል።

ለጋሼ ልንገረው ወይ ላልሽው፣ አሁን አትንገሪው። ታላቅ ወንድም የሰማው ነገር ምክር ሆኖ አይመለስም፤ ፍርድ ሆኖ ይመለሳል። ባለቤትሽ ደግሞ ሥራ ማጣቱ ሳያንሰው በወንድሙ ፊት ቀብድ የተበላ ሰው መሆን አይፈልግም። መጀመሪያ አንቺ አናግሪው። ከተነጋገራችሁ በኋላ ሌላ ብር ሳይነግርሽ ካወጣ ወይም ጉምሩክ ለመሄድ እንቢ ብሎ ቀሪውን ልክፈል ካለ፣ ያኔ ጋሼን ጥሪው፤ ስትጠሪው ግን ባለቤትሽ እያወቀ ይሁን። ከአዘዞው ሰውዬ ብሩን ለማስመለስ ሽማግሌ ካስፈለገ ደግሞ ጋሼ ለዚያ ይሆናል፤ ይህንንም የሚጠይቀው ባለቤትሽ ራሱ ቢሆን ይሻላል።